የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ሲፈስ፦ ፍርድ ቤት ስለሚልካቸው ተመላላሽ ታካሚዎችና ስለ ንዴታቸው

ሰውየው ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ነው የመጣው። ከወገራ ነው። ሌሊት ተነስቶ፣ መኪና ጠብቆ፣ ጎንደር ሲደርስ ረፍዷል። ጋቢውን እንደተከናነበ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ደህና ነዎት?» ሲባል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ቤተሰብስ? «ደህና ናቸው።» ንዴትስ? «ኧረ እኔ ንዴት የለብኝም።»

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን የጎረቤቱን ክንድ በዱላ እንደሰበረ ይናገራል። በእርሻ ድንበር ነገር።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጥያቄውን ቀየረች። «ጋሼ፣ እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

ቆየት አለ። መሬት መሬት አየ። «እንቅልፍ ከተለየኝ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ወሬው ሌላ ሆነ። ራሱን ይወቅረዋል። ደረቱን ያፍነዋል። እህል አይበላለትም። የበኩር ልጁ በእነዚህ የጦርነት ዓመታት ወጥቶ ቀርቷል። ሬሳ አልመጣም። መርዶ የነገረው የለም። ስለዚህ ለቅሶም አልተቀመጡም። ያ የድንበር ማሳ ደግሞ ልጁ ያርሰው የነበረው ማሳ ነው።

ይህ ሰው አንድ ሰው አይደለም። እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር ብዙ ስለምውል፣ ማንም እንዳይታወቅ ብዬ ከብዙዎቹ አንድ ሰው ሠርቻለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ እሱና ስለ መሰሎቹ ነው። እጃቸው ሰው ላይ ደርሶ፣ በሕግ በኩል አልፈው፣ ቤታቸው እያደሩ ለሥነ ልቦና ሕክምና የሚመላለሱ ሰዎች። በሙያው ቋንቋ የፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ተመላላሽ ታካሚዎች ይባላሉ።

ፎረንሲክ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት የአስከሬን ምርመራና የጣት አሻራ ነው። ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ግን ሥነ ልቦናና ፍትሕ የሚገናኙበት ሙያ ነው። በቁም ያለን ሰው ነው የሚመረምረው፤ በምን አእምሮ ሆኖ አደረገው፣ አሁንስ አደገኛ ነው ወይ፣ ቢታከም ይሻለዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

የሚመጡበት መንገድ ብዙ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 48 እና 49 በአእምሮ ሕመም የተነሳ ፈጽሞ ኃላፊነት ስለሌለው ሰውና ኃላፊነቱ በከፊል ስለሆነ ሰው ይደነግጋሉ። ነገሩ ሲያጠራጥር ዳኛው የባለሙያ አስተያየት እንዲጠይቅ አንቀጽ 51 አለ። ሌላው ቅጣቱ በገደብ የተያዘለት ነው። ሌላው ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ የወጣ ነው። አንዳንዱን ደግሞ ያመጣው ዳኛም ፖሊስም አይደለም፤ ሚስቱ ናት። «ሳይገለኝ ወይም ሳይሞት» ብላ እጁን ይዛ ያመጣችው።

ብዙ ጊዜ የሚምታታ አንድ ነገር አለ። ንዴት ለብቻው እብደት አይደለም። «በጣም ተናድጄ ነበር» ማለት «አላውቅም ነበር» ማለት አይደለም። ሕጉም ይለየዋል። በከባድ ትንኮሳ ስሜቱ ገንፍሎ የገደለ ሰው ቅጣቱ ሊቀል ይችላል እንጂ ነፃ አይባልም። ከዚህ ቀጥዬ ስለ ሰዎቹ ጭንቅ የምለው ሁሉ ይህን አይሽርም። የጎረቤቱ ክንድ ተሰብሯል። ያ ጎረቤትም ሌሊት ያቃስታል።

አሁን ወደ ቃላቱ። ይህን ነገር በአማርኛ ማውራት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቋንቋችን ሀብታም ነው። ንዴት ከ«ነደደ» ነው፤ ይነዳል፣ ይበርዳል። ቁጣ ወደ ውጭ የሚታየው ነው፤ ድምፅ አለው፣ ፊት አለው። ቂም ተዳፍኖ የሚያድር ፍም ነው። እልህ ደግሞ ብቻውን የሚቆም ነገር ነው፤ «ብሞትም አልለቅም» ይላል፣ ውስጡ ግን ተሸነፈ እንዳይባል መፍራት አለበት። ሆድ መባስ ከሁሉም ይለያል። እሱ ሐዘን ነው።

እንግዲህ አንድ ባለሙያ መጠይቅ ይዞ «ንዴት አለብዎት?» ቢል፣ ከእነዚህ ሁሉ የጠየቀው አንዱን ብቻ ነው። ቂም የያዘ ሰው «አልተናደድኩም» ሊል ይችላል። አልዋሸም። አሁን እየነደደ አይደለም። ሆድ የባሰውም እንዲሁ። እኔ መጠይቆቹን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ ቃል በቃል ተተርጉመው ሲመጡ የሰውን ሆድ አያገኙትም። አሠራራቸው ግን ጥሩ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ስፒልበርገር ያዘጋጀው መለኪያ ለምሳሌ፣ አሁን ያለውን ንዴትና ጠባይ ሆኖ የተቀመጠውን ንዴት ለይቶ ይለካል። ቀጥሎ አቅጣጫውን ያያል፤ ወደ ውጭ ይወጣል ወይስ ወደ ውስጥ ይቀበራል? ወደ ውስጥ የሚቀበረው ከድባቴና ከጭንቀት ጋር እጅና ጓንት ሆኖ ይገኛል።

«የወንድ ልጅ እንባው ወደ ሆዱ ነው» እንላለን። ምርቃት ይመስላል። ግን እንባው ሆድ ገብቶ ምን ይሆናል? እኔ ባየሁት ብዙ ጊዜ ንዴት ሆኖ ይወጣል። ወንድ ልጅ በአገራችን እንዲያሳየው የተፈቀደለት ስሜት ጥቂት ነው። ቢያለቅስ «ሴት» ይባላል። ፈራሁ ቢል ውርደት ነው። ቢናደድ ግን «ወንድ ነው!» ይባላል፤ ፉከራውም ሽለላውም አለለት። እና ሐዘኑም፣ ፍርሃቱም፣ ሐፍረቱም ተሰብስበው በዚያች በተፈቀደችው በር ይወጣሉ። በፍትሕ በኩል የሚመጡ ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ንዴትና የውስጥ ጭንቅ ተጣብቀው የሚገኙት በዋናነት በዚህ ይመስለኛል። ችሎት የሚቀርበው ንዴቱ ነው። ጭንቁ መዝገብ የለውም።

ሁሉም ግን ቱግ ባይ አይደለም። ይህን በደንብ ማየት አለብን፤ የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነውና። አንድ ከባድ ነገር ሲፈጸም የሰፈር ሰው ምን ይላል? «እሱ? እሱ እኮ ዝምተኛ ነው፤ ቀና ብሎ ሰው አያይም!» እ.ኤ.አ. በ1966 ኤድዊን ሜጋርጊ የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ጽፏል። በጥቃት የተያዙ ልጆችን ሲያጠና፣ እጅግ ከባድ ጥቃት የፈጸሙት መጠነኛ ጥቃት ከፈጸሙት ይልቅ የተረጋጉና ራሳቸውን የሚገዙ ሆነው አገኛቸው። ሁለት ዓይነት ሰው አለ አለ። አንዱ ልጓም የለውም፤ ቶሎ ቶሎ ይናደዳል፣ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ መካከለኛ ነው። ሌላው ልጓሙ ከመጠን በላይ የጠበቀ ነው። ይሰደባል፣ ይውጣል። ይገፋል፣ ይውጣል። አንድ ቀን ልጓሙ ይበጠሳል።

ለሁለተኛው ሰው «ንዴትህን ተቆጣጠር» ማለት ምን ይጠቅመዋል? ሲቆጣጠር ነው የኖረው። እሱ መማር ያለበት ሌላ ነው፤ ገና በጠዋቱ፣ ነገሩ ትንሽ ሳለ፣ «ይህ ነገር ከፍቶኛል» ማለትን። ለአንዳንዱ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከእስር ይከብደዋል። ሊናገራት ሲል ላቡ ሲመጣ አይቻለሁ።

ንዴት በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ረጅም አይደለም። አንጎል አደጋ አየሁ ሲል አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ «ቆይ፣ ነገ ምን ይመጣል?» የሚለው የአንጎል ክፍል በዚያ ሰዓት ድምፁ ያንሳል። ያ ክፍል የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እንዳይረሳ እላለሁ፤ «ጭንቅላትዎን ተመተው ያውቃሉ?» በዱላ ጠብ አገር ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ተመትቶ፣ ራሱን ስቶ፣ ተነስቶ ወደ ሥራው የሄደ ብዙ ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ ጠባዩ መለወጡን የምታውቀው ሚስቱ ናት። ጦርነት ያየ ሰውም እንዲሁ፤ ሰውነቱ ሰላም መሆኑን ገና አላመነም፣ በር ሲንኳኳ እጁ ይነሳል። ድንጉጥነቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ብስጭቱ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ የአንድ ሕመም ምልክቶች ናቸው። አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ዓይን ጠባብ ይሆናል። የሰከረ ሰው የሚያየው ፊቱ ያለውን ስድብ ብቻ ነው፤ ልጆቹም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ነገም አይታዩትም።

ሕክምናውስ ምንድን ነው?

መጀመሪያ መተማመን ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ እዚህ ቤት ከባድ ነው። ታካሚው «የነገርኩሽን ለዳኛው ትነግሪብኛለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። በአፉ ባይጠይቅ በዓይኑ ይጠይቃል። መልሱ በመጀመሪያው ቀን፣ በግልጽ መነገር አለበት። ለፍርድ ቤት ሪፖርት የሚጻፍ ከሆነ «ይጻፋል፤ ይህን ይህን ይይዛል» ይባላል። ሰው ሊገድል እንዳሰበ ከተናገረ በምሥጢር እንደማይያዝ ይነገረዋል። «ንዴት የለብኝም» ያለው ያ ሰውዬ ስለ ራሱ ስሜት የማያውቅ ሆኖ አይደለም። አለብኝ ቢል መልሰው የሚያስሩት መስሎት ነው። መርማሪና አካሚ የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ የተሻለ የሚባለውም ለዚህ ነው። ባለሙያ በሌለበት አገር ግን አንዷ ሁለቱንም ትሆናለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛውን መንገድ የቀየሰው ሬይመንድ ኖቫኮ ነው፤ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው፤ ዋና ሥራው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በቀጥታ ከነገሩ ወደ ዱላ አንደርስም። መሃል ላይ ለነገሩ የሰጠነው ትርጉም አለ፣ የሚግል ሰውነት አለ፣ የለመድነው ምላሽ አለ። በእያንዳንዱ ላይ መሥራት ይቻላል።

ትርጉሙ ላይ ልቆይ። በክፍሉ ውስጥ የምሰማቸው ታሪኮች ብዙዎቹ አንድ ቃል ላይ ይደርሳሉ፤ «ናቀኝ»። ጎረቤቱ ሰላም ሳይለው አለፈ። ናቀኝ። ድንበሩን በአንድ ትልም ገፋ። ናቀኝ። ልጅ መሃል ገብቶ አወራ። ናቀኝ። የወገራው ሰውዬ ስለዚያች ቀን ሲናገር፣ ጎረቤቱ ያለው ነገር «ይህን ማሳ ማን ሊያርስልህ ነው?» የሚል ነበር። ባለሙያዋ ዝም ብላ ሰማችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሲልዎት ማን ትዝ አለዎት?» አለችው። ሰውየው ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበው። ረጅም ጊዜ አልመለሰም። እኔ እንደሚመስለኝ ሕክምናው የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጎረቤቱ ሊንቀው ፈልጎ ይሁን፣ ሊያግዘው ፈልጎ ይሁን፣ ማንም አልጠየቀውም። የተመታው ግን ሰውየው ስላጣው ልጅ ነው።

ሰውነቱ ላይ ደግሞ እንዲህ ይሠራል። ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናው እስኪገነፍል አትጠብቅም። ዓይኗ ከአፉ አይነሳም። መንተክተክ ሲጀምር፣ ድምፁ ሲለወጥ፣ አንስታ ከከሰሉ ታወርደዋለች። ከገነፈለ በኋላ ብታነሳው ከሰሉም ጠፍቷል፣ ረከቦቱም ተበላሽቷል። ታካሚውም የራሱን መንተክተክ እንዲያውቅ ይለማመዳል። ለአንዱ ጆሮው ይግላል። ለአንዱ መንጋጋው ይነክሳል። የወገራው ሰውዬ መጀመሪያ የሚሰማው እጁ ላይ ነው፤ አውራ ጣቱን ጨብጦ ይይዛል። ማንበብ ለማይችል ሰው ማስታወሻ ያዝ አይባልም። ከዜሮ እስከ አሥር መሰላል ይሳልለትና «ዛሬ ስንተኛው ላይ ወጡ?» ይባላል። ደህና አድርጎ ይገባዋል።

ከስድስት በላይ ሲወጣ ቦታውን መልቀቅ ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ሌላ ነገር ሰጥቶናል። እኛ ስንወጣ «መጣሁ» ነው የምንለው። ሌላ ቦታ ለዚህ የሚሆን ቃል ለማስተማር ብዙ ይደክማሉ፤ በኛ አንዷ ቃል ሁለቱንም ትይዛለች፤ «እሄዳለሁ፣ ግን እመለሳለሁ»። ሚስትና ባል አስቀድመው ይስማሙባታል። እሱ «መጣሁ» ካለ እሷ በሩ ላይ አትቆምም፣ ነገሩንም አትከተልም። እሱም ጠላ ቤት አይሄድም፣ ደግሞም መመለስ አለበት። ሳይመለስ ከቀረ ኩርፊያ ሆነ እንጂ ሕክምና አልሆነም።

«ይውጣልህ» የሚለውን ምክር ግን ተጠንቀቁት። ማውራት ከሆነ ደግ ነው። ዕቃ መስበር፣ ትራስ መደብደብ፣ ጮሆ መሳደብ ከሆነ አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ2002 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብራድ ቡሽማን ባሳተመው ሙከራ ላይ፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቡጢ ከረጢት የመቱ ሰዎች ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ የበለጠ ተናደው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 154 ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ንዴትን ያበረዱት ሰውነትን የሚያረጋጉት ነገሮች ናቸው፤ በዝግታ መተንፈስ፣ ጡንቻን ማላላት፣ ጸጥ ብሎ ማሰላሰል። ለጎንደር ሰው ደስ የሚል ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት፣ ከተሰደቡ በኋላ ለታመመ ሰው የጸለዩ ሰዎች፣ ስለዚያው ሰው ዝም ብለው ካሰቡት ያነሰ ንዴት ታይቶባቸዋል። አባቶች ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የምንለው ለዚህ ነው። ፀበል የሚሄድን ታካሚ «ተው» አልለውም። «መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ፤ ቀጠሮዎን እንዳይረሱ» ነው የምለው።

ይህ ሁሉ ይሠራል ወይ? ይህን መሰሉ የሐሳብና የጠባይ ሕክምና በንዴት ላይ ምን እንዳመጣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲገመገም፣ በ50 ጥናቶች 1,640 ሰዎች ታይተው ነበር። የታከመው አማካይ ሰው ካልታከሙት ከ76 በመቶው ተሽሎ ተገኘ። ቀላል ቁጥር አይደለም። ሁሉንም ያድናል ማለት ግን አይደለም። ከወገራ፣ ከጭልጋ ወይም ከደምቢያ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ቀጠሮ ማለት የአንድ ቀን ሥራ ማጣት፣ የመኪና ገንዘብ፣ አንዳንዴም የተዘጋ መንገድ ነው። ስለ ተመላላሽ ሕክምና ስናወራ የሚረሳው ይህ መመላለሱ ራሱ ነው። ሦስት ጊዜ መጥቶ የቀረውን «ለመዳን ፈቃደኛ አይደለም» ብሎ መዝገብ መዝጋት ያሳዝነኛል።

ሽማግሌዎቻችንን ሳላነሳ ባልፍ ጎንደርን አልጻፍኩም። ደም ማድረቅ ትልቅ ሥራ ነው። ገዳይን ከሟች ቤተሰብ ያስታርቃል፣ ካሳ ያስከፍላል፣ ልጆች ደም ሳይመላለሱ እንዲያድጉ ያደርጋል። ማንም ሳይኮሎጂስት ይህን መተካት አይችልም፤ መተካትም የለበትም። የእርቁ ቀን ግን ምሽት አለው። ሁለቱ ቤተሰብ በልቶ ጠጥቶ ሲለያይ፣ ሰውየው ከነሕልሙ፣ ከነድንጋጤው ቤቱ ይገባል። የሕክምናው ድርሻ ያ ሌሊት ነው።

እቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። «መሞት ይሻለኛል» ካለ እንደ ንግግር አትለፉት። «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ከዚያ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሁለተኛው የመሣሪያ ነገር ነው። ገጠራችን ውስጥ ጠመንጃ ክብር ነው፤ የአባት አደራ ነው። ያን ሰው «ጠመንጃህን አምጣ» ብትሉት ከናቁት አንዱ ትሆናላችሁ። ባለሙያዋም አላለችውም። «ጋሼ፣ እንቅልፍዎ እስኪመለስ ድረስ የሚያምኑት ማን ጋ ቢቀመጥ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችው። አሰበበት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጣ፣ ሳትጠይቀው፣ ገና ከመቀመጡ፣ «ለአማቼ ሰጥቸዋለሁ» አላት። «ጥይቱን ደግሞ ወንድሜ ጋ።»

ያን ቀን መሰላሉ ላይ አራትን ነው ያሳያት።